መልህቅ የሚያነሱ እጆች

ወደብ የሌለው አገር ሰው ወደብ ሲደርስ ዓይኑ የሚሄደው ወደ ውኃው ነው። እኔም ፖርትስመዝ ስደርስ እንደዚያው ሆንኩ። ከለንደኑ ዋተርሉ የሚነሳው ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ከምናምን ተጉዞ የሚያቆምበት የፖርትስመዝ ሃርበር ጣቢያ ባሕሩ ላይ በተተከሉ ምሰሶዎች ላይ የቆመ ነው፤ ከፉርጎው ሲወርዱ የጨው ሽታ ይቀበላል። አብሮኝ የመጣው የእህቴ ልጅ ግን ባሕሩን ዞር ብሎም አላየው። አጥሩን ተደግፎ ከጣቢያው አጠገብ የታሰረችውን ረጅም ጥቁር መርከብ አፍንጫ ሲመረምር ቆየና፣ «ጋሼ፣ ሰንሰለቷን ልብ አሉት?» አለኝ።

ልጁ የመርከብ ሞተር መኮንን ነው። መካኒካል ምሕንድስና ከጨረሰ በኋላ ባሕር ዳር የማሪታይም ሥልጠና ወስዶ ዛሬ በውጭ ኩባንያ የጭነት መርከቦች ላይ ይሠራል። ከጣና ዳር ተነስቶ ውቅያኖስ የሚያቋርጥ ትውልድ ማፍራታችን እኔን ያስደንቀኛል፤ እሱ ግን ስለ ሥራው ሲጠየቅ ስለ ውቅያኖስ ብዙ አያወራም። የሚያወራው ስለ ዘይት፣ ስለ ፍሬንና ስለ ማርሽ ነው። ወደሚቀጥለው መርከቡ እስኪጠራ ለንደን እኔ ዘንድ ሰንብቶ ስለነበር የት ልውሰድህ ብዬ ብጠይቀው፣ «ሞተር ሳይኖር መልህቅ እንዴት ይነሳ እንደነበር የሚታይበት ቦታ ካለ» አለኝ። ስለዚህ ወደ ፖርትስመዝ መጣን።

ፖርትስመዝ በእንግሊዝ ደቡብ ጠረፍ ያለች፣ ከባሕር ኃይሉ ጋር አብራ ያደገች ከተማ ናት። የአሮጌው መርከብ መሥሪያ ግቢ ከፊሉ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። በ1545 ሰምጣ በ1982 ከባሕር ወለል የወጣችው የሜሪ ሮዝ ቅሪት እዚያ አለ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ከእንጨት የተሠራችው ቪክቶሪና ከብረት የተሠራችው ዋሪየርም እዚያው ናቸው። ጎብኚው በብዛት የሚመጣው ለአድሚራል ኔልሰን ነው፤ በ1805 በትራፋልጋር ውጊያ ቪክቶሪ ላይ ቆስሎ የወደቀበትንና የሞተበትን ቦታ ለማየት ይሰለፋል። እኛን ያመጣን ዕቃ ግን በሰልፉ ዳር የቆመ፣ አብዛኛው ሰው ክንዱን አሳርፎበት የሚያልፈው ነገር ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። መልህቅ መጣል ሥራ አይደለም፤ ከለቀቁት ክብደቱ ራሱ ይዞት ይወርዳል። ሥራው ማንሳቱ ላይ ነው። መልህቁ በቶን የሚመዘን ነው፤ ጥርሱ ጭቃ ውስጥ ተቀብሯል፤ ገመዱ ውኃ ጠጥቶ ከብዷል። ከዚህም በላይ መልህቁ ከመነሳቱ በፊት መርከቡ ራሱ ነፋስና ሞገድ እየገፋው ወደ መልህቁ መሳብ አለበት። ይህን በባዶ እጅ የሚችል የለም። ስለዚህ መርከበኛ ከጥንት ጀምሮ አንድ ብልሃት ያውቃል፤ ገመዱን በሚሽከረከር ግንድ ላይ ጠምጥሞ ግንዱን በረጅም አጣና ማዞር። ግንዱ ቀጥ ብሎ የቆመ ከሆነ ካፕስታን ነው፤ ጋደም ያለ ከሆነ ዊንድላስ። አጣናው በረዘመ ቁጥር ጉልበት ይበዛል፤ በምላሹ የሚከፈለው እርምጃ ነው። ብዙ ይዞራል፤ ትንሽ ይሳባል።

ቪክቶሪ ውኃ የነካችው በ1765 ነው። ለእሷ ሥራ 6,000 ገደማ ዛፍ ተቆርጧል። ከ1922 ጀምሮ በደረቅ ገንዳ ውስጥ የተቀመጠች ሲሆን፣ አሁን ዓመታት በሚወስድ ጥገና ላይ ስላለች ዙሪያዋ በመወጣጫ ብረት ታጥሯል። ወደ ውስጥ ሲገቡ ጣሪያው ዝቅ ይላል፤ ቁመተ ረጅም ሰው ቀኑን ሙሉ እጅ እንደነሳ ይውላል። በትራፋልጋር ጊዜ ከ800 በላይ ሰው እዚህ ይበላ፣ ይተኛና ይዋጋ ነበር።

ካፕስታኑ ከመድፎቹ መሐል ቆሟል። አንድ ሰው አቅፎ የማይጨርሰው ወፍራም እንጨት ነው፤ ራሱ ላይ ዙሪያውን አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች ተፈልፍለውበታል። መልህቅ ሲነሳ በየቀዳዳው አጣና ይሰካል፤ አጣናዎቹ እንዳይወጡ ጫፋቸው ለጫፋቸው በገመድ ይታሰራል፤ በየአጣናው ላይ ሰው ይደረደርና ደረቱን አስደግፎ ይገፋል። ግንዱ በአንድ ወለል ላይ አያበቃም፤ ወለሉን በስቶ ወደሚቀጥለው ይዘልቃል፤ እዚያም ሌላ ራስ አለው። ላይኞቹና ታችኞቹ ሳይተያዩ አንዱን ግንድ አብረው ይገፋሉ። ትልቁ መልህቅ ከ4 ቶን በላይ ስለሚመዝን፣ አንዱን መልህቅ ለማንሳት በአንዳንድ የኛ መንደሮች ያለው ወንድ ሁሉ ቢጠራ የሚበቃ አይመስለኝም።

የእህቴ ልጅ ወዲያው የጠየቀው ስለ ገመዱ ነበር። የመልህቁ ገመድ ከሄምፕ ቃጫ የተገመደና ዙሪያው 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን ነው። ይህን የሚያህል ገመድ ግንድ ላይ አይጠመጠምም፤ አይታጠፍምና። የተገኘው መላ እንዲህ ነው። ቀጠን ያለና ሁለት ጫፉ የተቋጠረ ሌላ ገመድ ካፕስታኑን ይዞር፣ እስከ መርከቡ አፍንጫ ደርሶ ይመለስ ነበር። ሰዎቹ ካፕስታኑን ሲያዞሩ የሚዞረው ይኼኛው ነው። ወፍራሙ ገመድ ከባሕሩ ወጥቶ በአፍንጫዋ ቀዳዳ ሲገባ ከቀጭኑ ጎን ይደረግና ሁለቱ በአጫጭር ማሰሪያ ይታሰራሉ። አብረው ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ የገመዱ ማስቀመጫ አፍ ላይ ሲደርሱ ማሰሪያው ተፈትቶ ወፍራሙ ወደ ታች ይወርዳል። በየማሰሪያው አጠገብ የሚራመዱት ታዳጊ ልጆች ነበሩ። የተፈታውን ማሰሪያ ይዘው በወንዶቹ መሐል እየተሽሎከሎኩ ወደ ፊት ይሮጣሉ፤ አዲስ የገባውን ደግሞ ያስራሉ። ገመዱ የባሕር ወለል ጭቃ ይዞ ስለሚገባ ከአፍንጫዋ አጠገብ ያለው ወለል ውኃው ወደ ውስጥ እንዳይፈስ በእንጨት ተከልሏል። ጭቃው፣ የረጠበው ቃጫና የብዙ ሰው ላብ በአንድ ዝቅተኛ ጣሪያ ሥር ምን ይሸት እንደነበር ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

ሥራውን ምት የሚያስይዘው ሙዚቃ ነበር። በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሰው እየዘፈነ እንዲሠራ አይፈቀድም ነበር፤ ዝምታ የሥርዓት ምልክት ነበር። ስለዚህ አንድ ቫዮሊን ወይም ዋሽንት የሚጫወት ሰው ካፕስታኑ አጠገብ ይቀመጣል፤ ገፊዎቹ እርምጃቸውን በእሱ ያስተካክላሉ። በንግድ መርከቦች ላይ ግን አንዱ እያወጣ ሌላው እየተቀበለ ይዘፈን ነበር። የደቦ አጨዳ እያየ ያደገ ሰው ይህን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ማጭዱን የሚያፈጥነው ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ተቀባይ ድምፅ ሲኖር ድካም ይከፋፈላል። ከሥራው ስፋት ይልቅ የሥራው እኩልነት ነበር ዘፈን የሚፈልገው። ከገፊዎቹ አንዱ ቢያመነታ ሸክሙ ወደ ጎረቤቱ ይዞራል።

የእህቴ ልጅ በዚህ መሐል ቁጢጥ ብሎ ከካፕስታኑ እግር ሥር የሆነ ነገር ይመለከት ነበር። ጠራኝና አጭርና ወፍራም የሆኑ የብረት ምላሶች አሳየኝ። በአንድ በኩል በወለሉ ወይም በግንዱ ላይ በማጠፊያ የተያዙ ናቸው፤ ግንዱ ወደ ፊት ሲዞር በጥርሶቹ ላይ እየዘለሉ ያልፋሉ፤ ወደ ኋላ ልዙር ሲል ግን ጥርሱ ላይ ተደግፈው ይገቱታል። «ጋሼ፣ ከዚህ ሁሉ ዋናው ይኼ ነው» አለኝ።

«ለምን? የሚጎትተው እሱ አይደለም እኮ።»

«አይጎትትም፤ ግን የተጎተተውን አይመልስም። መርከቡ በማዕበል ላይ አፍንጫውን ቀና ሲያደርግ ገመዱ በአንዴ ይወጠራል። ያን ጊዜ ይኼ ብረት ከሌለ ግንዱ ወደ ኋላ ይሽከረከራል፤ አጣናው ሰዉን ይዞ ይዞራል።»

ይህ መላምት አይደለም። ምላሱ በተሰበረበት ወይም በወቅቱ ባልወደቀበት መርከብ ላይ አጣናዎቹ በፍጥነት ወደ ኋላ እየዞሩ የሰው አጥንት የሰበሩበትና የገደሉበት ጊዜ ጥቂት አልነበረም። ጎትቶ ማምጣት የብዙ ሰው ጉልበት ይጠይቃል፤ ያመጡትን አለመልቀቅ ግን የአንድ ቁራሽ ብረት ሥራ ነው። ቀኑን ሙሉ በልቤ ስዞረው የዋልኩት ይኼ ነገር ነበር።

ከቪክቶሪ ወርደን በግቢው ስንዘዋወር ከሩቅ የሚታዩት ረጃጅም የጡብ ሕንፃዎች የገመድ ታሪክ ያለባቸው ናቸው። ገመድ ሲገመድ ቃጫው በአንድ ቀጥታ መስመር መዘርጋት ስላለበት የገመድ ቤት ከሩቅ ጫፉ የማይታይ ረጅም አዳራሽ ይሆናል። ገመድ የሌለው ባሕር ኃይል ከወደብ አይወጣም፤ ይህንን ጠላትም ያውቅ ነበር። ታኅሣሥ 7 ቀን 1776 የአሜሪካን አመፅ የሚደግፍ ጄምስ ኤይትከን የተባለ ስኮትላንዳዊ ቀለም ቀቢ የዚህን ግቢ የገመድ ቤት በእሳት አጋየው። በሚቀጥለው ዓመት መጋቢት 10 ቀን በግቢው በር ላይ ሰቀሉት። መስቀያው ከአሬቱሳ መርከብ ተነቅሎ የመጣ፣ 18 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የሸራ ምሰሶ ነበር። ስለ አንድ የገመድ ቤት ይህን ያህል ትዕይንት መደረጉ ገመዱ ምን ያህል ይፈለግ እንደነበር ይናገራል።

በዚያው ግቢ ሌላም ሕንፃ አለ። አንድ ትልቅ የጦር መርከብ ለሸራውና ለሸክሙ ወደ ሺህ የሚጠጋ የእንጨት ፑሊ ያስፈልገው ነበር፤ እያንዳንዱም በእጅ ይጠረብ ነበር። ከፈረንሳይ አብዮት ሸሽቶ የወጣው መሐንዲስ ማርክ ብሩኔል በ1800ዎቹ መጀመሪያ ፑሊ የሚሠሩ ማሽኖችን ነደፈ፤ ሄንሪ ሞድስሌይ ከብረት ሠራቸው። በ1808 ፋብሪካው በዓመት 130,000 ፑሊ ያወጣ ነበር። ቀድሞ 110 ባለሙያ ይፈልግ የነበረውን ሥራ 10 ሰው ሠራው። ዓለም በኋላ በብዛት ማምረት ብሎ የተቀበለው አሠራር መጀመሪያ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ የገመድ ማሳለፊያ ፋብሪካ ነው። መቶዎቹ ባለሙያዎች ከዚያ በኋላ የት ገቡ ብዬ አሰብኩ። የፋብሪካው ዝና ስለ እነሱ ብዙም አያነሳም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጥቁሯ መርከብ ተመለስን። ዋሪየር በታኅሣሥ 1860 ቴምዝ ወንዝ ላይ ውኃ ስትነካ የዘመኑ ኩራት ነበረች፤ አካሏ ብረት፣ ሆዷ የእንፋሎት ሞተር። ዕድሏ ግን እንደ ልደቷ አልሆነም። አንድም ጦርነት ሳትዋጋ አረጀች፤ ከ1929 እስከ 1979 ድረስ ዌልስ ውስጥ ለነዳጅ መርከቦች መቆሚያ ሆና ኖረች፤ ከዚያ ተጠግና በ1987 ወደ ፖርትስመዝ ተመለሰች።

እዚህ ገመዱ ቀርቶ ሰንሰለት መጥቷል። ሰንሰለትን ለመልህቅ ያስለመደው የባሕር ኃይል መኮንኑ ሳሙኤል ብራውን ነው፤ በ1808 ፔኔሎፒ የተባለች መርከብን በብረት ሰንሰለትና ገመድ አስታጥቆ ወደ ካሪቢያን በመሄድ ሞክሮታል። ሰንሰለት አይበሰብስም፤ ዐለትና ዛጎል አይቆርጠውም፤ ክብደቱም ሌላ ጥቅም አለው። ከመርከቡ እስከ መልህቁ ቀጥ ብሎ ስለማይወጠር፣ ማዕበል መርከቡን ሲገፋ መጀመሪያ የረገበው ሰንሰለት ከወለሉ ይነሳል፤ ድንገተኛው ግፊት መልህቁ ጋ ሳይደርስ ይበርዳል።

እጄን አንዱ ቀለበት ላይ አሳረፍኩ። ከክንዴ ይወፍራል። መሐሉ ላይ ከጎን ወደ ጎን የገባ አጭር ብረት አለው፤ ቀለበቱ ሲወጠር እንዳይጠፈጠፍና ከጓደኛው ጋር እንዳይጠላለፍ የሚያደርገው እሱ ነው። አንዱ ቀለበት ከተኛ ቀጣዩ ይቆማል፤ ቀጣዩ ከቆመ ሌላው ይተኛል። ለዚህ ነው ሰንሰለት ሲመጣ ማዞሪያውም መቀየር የነበረበት። ለስላሳ ግንድ ላይ ብረት ይንሸራተታል። ስለዚህ ዙሪያውን ጎድጓዳ የተቀረጸበት መንኮራኩር ተሠራ፤ የተኛው ቀለበት ጎድጓዳው ውስጥ ቁጭ ይላል፤ የቆመው በመሐል ባለው ቦይ ያልፋል። መንኮራኩሩ ሲዞር ሰንሰለቱን በቀለበት በቀለበቱ እያነሳ ያመጣዋል። የዛሬዎቹም ትላልቅ መርከቦች የሚሠሩት በዚሁ ነው፤ የተቀየረው የሚያዞረው ጉልበት እንጂ መንኮራኩሩ አይደለም።

የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ይህች በእንፋሎት የምትሄድ መርከብ መልህቋን የምታነሳው ለዓመታት በሰው ጉልበት ነበር። በእንፋሎት የሚዞር ካፕስታን የተተከለላት በ1870ዎቹ መጀመሪያ በተደረገላት እድሳት ነው። ሞተሩ እያለ ለምን? የእህቴ ልጅ ትከሻውን ነቀነቀ። «ሰው ስለነበረ» አለ። የጦር መርከብ ለመድፉ ሲል በመቶ የሚቆጠር ሰው ይጭናል፤ ሰዉ ካለ ደግሞ ክንዱ ነፃ ነው። ለመልህቁ ሞተር ለመግዛት የሚቸኩል የለም። የንግድ መርከብ ባለቤት ግን የእያንዳንዱን መርከበኛ ደመወዝ ስለሚቆጥር ሰው የሚቀንስለትን ማሽን ይፈልጋል። ብልሃት የሚመጣው ሥራው ሲከብድ አይደለም፤ ሠሪው ሲወደድ ነው። ይህን ከመርከብ ውጪም ብዙ ቦታ አይቼዋለሁ።

ሠሪው ርካሽ የነበረበት ቦታ ደግሞ ከባሕሩ ርቆ ነበር። የእንግሊዝ ሰንሰለትና መልህቅ ይሠራ የነበረው በበርሚንግሃም አቅራቢያ፣ ከሰል በበዛበት አካባቢ ነው። በ1911 የታይታኒክን 15 ቶን ተኩል የሚመዝን መልህቅ የሠራው የኔዘርተኑ ኖኣ ሂንግሊ ፋብሪካ መልህቁን ወደ ባቡር ጣቢያ ያደረሰው በ20 ፈረሶች ነው፤ ፎቶግራፉ ዛሬም ይታያል። ከዚያው ብዙም ሳይርቅ ክራድሊ ሂዝ በምትባል ከተማ ሴቶች በጓሯቸው በተሠሩ ትናንሽ ምድጃዎች ቀጫጭን ሰንሰለት ይቀጠቅጡ ነበር። በ1910 በሕግ የተወሰነላቸውን በሰዓት ሁለት ፔንስ ተኩል አሠሪዎቹ አንከፍልም ሲሉ፣ በሜሪ ማካርተር መሪነት ሥራ አቁመው ከወራት ትግል በኋላ አሸነፉ። በካፕስታኑ ዙሪያ የቆሙትን ወንዶች የሚያስታውስ ብዙ ሥዕል አለ። ሰንሰለት የቀጠቀጡትን ሴቶች ግን መርከብ ሙዚየም ውስጥ የሚያስታውሳቸው የለም።

ፀሐይዋ ሳታዘቀዝቅ ወደ ወደቡ አፍ ወጣን። ጥንታዊው ክብ ማማ እዚያ ነው። በጦርነት ጊዜ ከዚህ እስከ ማዶው ጎስፖርት ድረስ የብረት ሰንሰለት ተዘርግቶ ነበር፤ ጠላት ሲመጣ በካፕስታን ተወጥሮ ከውኃው ብቅ ይላል፤ ወዳጅ ሲመጣ ይለቀቅና ይሰምጣል። ከማማው ሥር ያለው አደባባይ ዛሬም ካፕስታን ስኩዌር ይባላል። ከፊታችን ሶለንት የሚባለው የባሕር ሰርጥ ተዘርግቷል፤ ማዶው የዋይት ደሴት ነው።

ያ ደሴት ለእኛ ባዕድ አይደለም። በ1868 ከመቅደላ በኋላ የ7 ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ከዙላ ፌሮዝ በተባለች መርከብ ተጭኖ ወጥቶ፣ በመጨረሻ የደረሰው ወደዚህ ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ ያየችው እዚህ ማዶ በሚገኘው በኦስቦርን ቤተ መንግሥት ነው፤ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፎቶግራፍ ያነሳችውም በዚያው ደሴት ነው። በ18 ዓመቱ ሊድስ ውስጥ ሞተ፤ ዊንዘር ተቀበረ። ዙላ ላይ መልህቅ ያነሱት መርከበኞች የተሰጣቸውን ትእዛዝ ፈጽመዋል፤ መልህቅ የሚያነሳ ክንድ መርከቡ ማንን ይዞ እንደሚሄድ አይጠየቅም። ታሪኩን የምንጽፈው ግን ስለሚሄዱት ስለሆነ፣ ይህን ሳላነሳ ከዚያ ማማ ልወርድ አልቻልኩም።

በሰርጡ ውስጥ የጭነት መርከቦች ቆመዋል። ከአንዷ ፊት ጥቁር ኳስ ተሰቅሏል፤ ቀን ቀን መልህቅ ጥያለሁ የማለት ምልክት ነው። የእህቴ ልጅ እዚያ ላይ ምን እንደሚሆን ነገረኝ። መርከቡ ፊት ላይ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ብቻ ይቆማል። አንዱ መኮንን በሬዲዮ ከካፒቴኑ ጋር ይነጋገራል፤ ሰንሰለቱ ወዴት እንደሚያመለክት በሰዓት ላይ ባሉ ቁጥሮች፣ ስንት እንደወጣ ደግሞ በቀለም በተለየ መጋጠሚያ ይናገራል። በሁለት መጋጠሚያ መካከል 27 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ሁለተኛው ሰው ፍሬኑ ላይ ነው። ፍሪሲዮኑ ሲላቀቅና ፍሬኑ ሲከፈት ሰንሰለቱ ይሮጣል፤ ዝገትና የደረቀ ጭቃ ይበናል፤ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ሰውየው መነጽር አድርጎ በጎን ቆሞ ፍሬኑን እያጠበቀ እያላላ ይቆጣጠራል። መርከቡ ከሚገባው በላይ እየሄደ ከሆነ ወይም ጥልቀቱ ከተገመተው ከበለጠ፣ ፍሬኑ ግሎ ይሸነፋል፤ ሰንሰለቱ ከመጋዘኑ እስከ መጨረሻው ቀለበት ተጎትቶ ይወጣል። ያን ጊዜ የሚደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትቶ መሸሽ።

«ሞተሩስ?» አልኩት።

«ሞተሩ ለማንሳት ነው፤ ለመያዝ አይደለም። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።»

ደንቡም እሱ እንዳለው ነው። የመርከብ ደረጃ የሚመድቡ ድርጅቶች የጋራ ደንብ ማሽኑ በደቂቃ ቢያንስ 9 ሜትር ሰንሰለት እንዲያነሳ ይጠይቃል፤ አሥር መጋጠሚያ ሰንሰለት የጣለ መርከብ ለማንሳት ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል ማለት ነው። መልህቁ ከተጣለ በኋላ ግን የመርከቡ ሸክም የሚሰጠው ሰንሰለቱን ከላይ ለሚጫነው የብረት መቆለፊያ ነው። መቆለፊያው ሰንሰለቱን ከሚበጥሰው ኃይል 80 በመቶውን እንዲችል ይሠራል። መቆለፊያ ባለበት መርከብ ላይ ፍሬኑ 45 በመቶውን ከቻለ ይበቃል። አብዛኛው ሰው የማያውቀው ደግሞ ይኼ ነው፦ ይህ ሁሉ ዕቃ የተሰላው ከነፋስ በተከለለ ቦታ ለጊዜው ለመቆም ነው፤ በገላጣ ባሕር ላይ ማዕበልን ለመቋቋም ተብሎ አልተሠራም።

ከቪክቶሪ የብረት ምላስ እስከዚህ መቆለፊያ ድረስ አንድ ሐሳብ ነው የመጣው። በመቶ የሚቆጠሩት ገፊዎች ወደ ሁለትና ሦስት ሰው ወርደዋል፤ ልጆቹ ማሰሪያ ይዘው መሮጥ ቀርቶላቸዋል፤ ቫዮሊኑ ዝም ብሏል። ይህ ጥሩ ነው፤ ድሮን የሚናፍቅ ሰው አንድ ቀን አጣና ይግፋ። አደጋው ግን አልጠፋም፤ በብዙ ትከሻ ላይ ተበትኖ የነበረው ተሰብስቦ ፍሬኑን በያዘው አንድ ሰው ፊት ቆሟል። ሰው በቀነሰ ቁጥር የቀረው ሰው ጥንቃቄ ዋጋው ይጨምራል። ማሽን የገዛ ሁሉ ይህን ሒሳብ አይሠራም፤ የሞተሩን ጉልበት ይጠይቃል እንጂ የፍሬኑ ሽፋን መቼ እንደተቀየረ አይጠይቅም።

ጉዳዩ የሩቅ ሰው ጉዳይ አይደለም። ከ90 በመቶ በላይ የገቢና የወጪ ንግዳችን በጅቡቲ ያልፋል። የምንበላው ዘይት፣ የምንነዳው መኪና፣ ገበሬው የሚጠብቀው ማዳበሪያ ከመውረዱ በፊት አንድ ሰው የሆነ መርከብ ፊት ላይ ቆሞ ሰንሰለት ይዟል። ወደቡ የእኛ ባይሆንም ሰንሰለቱን ከሚይዙት መካከል የእኛ ልጆች አሉ፤ ቁጥራቸውም ሊበዛ ይችላል። ወደዚህ ሥራ ለመግባት የምታስቡ ካላችሁ የእህቴ ልጅ ለአዲስ መርከበኛ የሚሰጠውን ምክር እነሆ፦ የተወጠረ ገመድ ወይም የሚሮጥ ሰንሰለት መስመር ላይ አትቁሙ፤ ስለ ሞተሩ ከመጠየቃችሁ በፊት ፍሬኑን በዓይናችሁ እዩ፤ የማይይዝ ከሆነም መልህቁ ሳይጣል ተናገሩ።